የቮልሴን ቦዲ እቤቴ ግቢ ውስጥ ላድስ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ሰበታ_ቮልስ፦ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የ1972 ሞዴል ቮልስ አለችኝ፤ 1300 ናት። ከአጎቴ ነው የተረከብኳት። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ካምብዮውም አያስቸግርም። ችግሯ ቦዲው ላይ ነው።

ከሩቅ ላያት ሰው ደህና ናት። ጠጋ ሲሉ ግን ከበሮቹ ስር ያለው ላሜራ ላይ ቀለሙ ተነፍቷል። በካቻቢቴ ነካ ባደርገው ዘው ብሎ ገባ። የኋላ ወንበሩን ሳነሳ ደግሞ ባትሪው ከሚቀመጥበት ስር መሬቱ ይታያል። ፊት ለፊት ትርፍ ጎማው የሚተኛበት ጉድጓድም ዝጓል።

አንድ ጋራዥ ወስጄ አሳየሁ። «ስቱኮ እንመታታለን፣ ቀለም እንረጫታለን፣ በሳምንት ትወስዳታለህ» አሉኝ። ልቤ አልተቀበለውም።

ግቢዬ ሰፋ ያለ ነው፤ ከፊሉ የቆርቆሮ ክዳን አለው። መብራቱ ሲንግል ፌዝ ነው። ግራይንደር፣ መዶሻዎችና አሮጌ ኮምፕሬሰር አሉኝ። ብየዳ አልችልም። ለትርዒት የምትቀርብ መኪና አልፈልግም። ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ወሊሶ ደርሼ የምመለስባት፣ ክረምት ላይ ውሃ የማታስገባ መኪና ናት የምፈልገው። ምኑን ራሴ ልሥራ? ምኑን ለባለሙያ ልተው? ከየትስ ልጀምር?

አሮጌ_እጅ፦ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡25

ልጄ፣ ልብህ ልክ ነው። እኔ ባትላሜራ ነኝ፤ ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ሥራ ነው የኖርኩት። ስቱኮ አይነካ አልልም። ስቱኮ ተቀጥቅጦ የተስተካከለ ላሜራ ላይ የቀረችውን ትንሽ ጉድለት ማለስለሻ ነው። የበሰበሰ ብረት ምትክ ግን አይሆንም።

ካቻቢቴህ የገባበትን ቦታ በደንብ እወቀው። ቮልስ ላይ ከበሩ ስር ያለው ክፍል ውስጡ ክፍት የሆነ ሳጥን ነው። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቅ አየር በእሱ ውስጥ አልፎ ነው ወደ ፊት የሚደርሰው። ከዚያ በላይ ግን ትልቁ ሥራው ቦዲውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። የቮልስ ቦዲና ወለል በቡሎን ነው የተያያዙት፤ በመሐላቸው የጎማ ጓርኒሲዮን አለ። በጎንና በጎን ያሉት ቡሎኖች የሚነክሱት ይህንኑ ሳጥን ነው። እሱ ሲበሰብስ ቡሎኑ የሚይዘው ብረት ያጣል። ጋራዡ ይህን በስቱኮ ሞልቶ ቢሰጥህ መኪናዋ ታምራለች፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ግን ቦዲውና ወለሉ ለየብቻ ይነጋገራሉ።

አሁን አንድ ነገር ሞክር። በሩን ግማሽ ያህል ክፈትና ከጫፉ ይዘህ ወደ ላይ አንሳው። ማጠፊያው ብቻ ከተንቀሳቀሰ የማጠፊያው ፒን ነው ያለቀው፤ ቀላል ነው። ማጠፊያው ጸጥ ብሎ የበሩ ምሰሶ አብሮ ከተነቃነቀ ግን ሳጥኑ አልቋል። ከዚያ በሩን ዝጋና ዙሪያውን ክፍተቱን እይ። ከላይና ከታች እኩል ካልሆነ ቦዲው ተጣሟል ማለት ነው።

ቀጥሎ መዶሻ ያዝና በእንጨት እጀታው መኪናዋን ዙሪያዋን መታ መታ እያደረግህ ስማ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል። ስቱኮ የተሞላ ቦታ ድምፁ ይታፈናል። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ካለህ በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ አስኪድበት፤ የማይዝበት ቦታ ሁሉ በፊት የተሞላ ነው። ያገኘኸውን በኖራ አክብበው። ፎቶም አንሳ። ይህን ሳትጨርስ ግራይንደሩን እንዳታስነሳ።

ሰበታ_ቮልስ፦ እሁድ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉኝን አደረግሁ። በሾፌሩ በኩል ምሰሶው አብሮ ይነቃነቃል። በተሳፋሪው በኩል ደህና ነው፣ ትንሽ ብቻ ነው። በኖራ ያከበብኩት ቦታ በዛ። የኋላው ግራ ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) ግማሹ ስቱኮ ነው፤ ማግኔቱ ጨርሶ አልያዘም።

ኮዬ_ነዋሪ፦ እሁድ፣ ከጠዋቱ 5፡15

እኔ ልቃወም። ክፉ አትዩብኝ። ወንድሜ፣ ለላሜራው፣ ለበያጁ፣ ለቀለሙና ለጎማዎቹ የምታወጣውን ደምረኸዋል? የዚህ ሁሉ ወጪ ዋጋ መኪናዋ ስትሸጥ አይመለስም። ባለችበት ሸጠህ ሌላ ብትገዛ አይሻልም? ሌላም ጥያቄ አለኝ። እኔ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ዲኤክስ ኮሮላ አለችኝ፤ እሷም መዛግ ጀምራለች። ፓርኪንግ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ይቻላል?

አሮጌ_እጅ፦ እሁድ፣ ከጠዋቱ 5፡50

ጥያቄህ ክፉ አይደለም። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እጃችን ላይ ያሉት መኪኖች ናቸው የቀሩን። እነሱን አስበስብሶ ሌላ እገዛለሁ ማለት ያስቸግራል። ደግሞ ቮልስ ከሌሎች ይልቅ ለመጠገን የምትመች ናት። አራቱም ፓራፋንጎ በቡሎን ነው የታሰረው። በ13 ቁልፍ ፈትተህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ትቀጠቅጠዋለህ። አዲሶቹ መኪኖች ላይ የኋላው ጎን ከቦዲው ጋር የተበየደ ስለሆነ እንዲህ አይደረግም።

ስለ ፓርኪንጉ፦ መፍታት፣ ማጽዳት፣ በእጅ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ይቻላል። ግራይንደርና ቀለም መርጨት ግን አይሆንም። የግራይንደር ፍንጣሪ የጎረቤት መኪና መስተዋት ላይ ይጣበቃል፤ ከዚያ በኋላ አይለቅም። ጸብ ነው የምታተርፈው።

ገላን_በያጅ፦ እሁድ፣ ከቀኑ 7፡30

ስለ ብየዳው እኔ ልናገር፤ እንጀራዬ ነው።

የቮልስ ላሜራ ከ1 ሚሊ ያንሳል። እቤት በር የሚበየድበት የኤሌክትሮድ ማሽን እዚህ ላይ አይሠራም። ይበሳዋል። ቀዳዳውን ለመድፈን ስትሞክር ቀዳዳው ይሰፋል። ጋሽ አሮጌ እጅ ምናልባት ኦክሲጅን፣ የጋዝ እሳቱን ብየዳ ማለቴ ነው፣ ይበሉ ይሆናል። እኔ ግን ሲኦቱ፣ ጋዝ እየነፋ በቀጭን ሽቦ የሚበይደውን ማሽን፣ ነው የምለው፤ ሽቦው 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ። በሲንግል ፌዝ የሚሠራ ትንሽ ማሽን አለ፣ የሰበታ መብራት ይችለዋል። መብራቱ በወረደ ሰዓት ግን ብየዳው ላዩን ብቻ ይይዛል፤ ሲያዩት የተያዘ ይመስላል፣ በካቻቢቴ ሲፈነቅሉት ይነሳል። ስለዚህ ጠዋት ነው የሚሠራው፣ ሰው ምጣድ ሳይጥድ።

አበያየዱ ነጥብ በነጥብ ነው። አንዱን ጫፍ ነካ፣ ከዚያ ሌላኛውን ጫፍ ነካ፣ ከዚያ መሐሉን። እጅ ሊነካው እስኪችል ይቀዘቅዛል። ከዚያ በመሐል በመሐል ትሞላለህ። አንድ መስመር ቀጥ አድርጎ የሚበይድልህ ሰው ካየህ አስቁመው። ላሜራው ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ከበሮ ይነፋል። ያንን ለማስተካከል ነው ሰው ስቱኮ የሚከምረው።

ስትቆርጥ ዝገቱ ያለቀበት ቦታ ላይ አትቁም። 2 ወይም 3 ሳንቲም አልፈህ ጤነኛው ብረት ውስጥ ግባ። ማዕዘኑን ክብ አድርገው፤ ሹል ማዕዘን በኋላ ይሰነጠቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የቤት ክዳን ቆርቆሮ ቆርጠህ እንዳታመጣ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ቀጭን ነው፣ ግማሽ ሚሊ እንኳ አይሞላም። ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ሲበየድ ነጭ ጢስ ያወጣል፤ ያንን የሳበ ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። መርካቶ ብረት ከሚሸጡት ጥቁር ላሜራ ግዛ። ለወለሉ 1 ሚሊ፣ ለሳጥኑ 1.2 ይበቃል።

አሮጌ_እጅ፦ እሁድ፣ ከቀኑ 8፡05

ወንድሜ ገላን፣ ስለ ሲኦቱ ለሳጥኑና ለወለሉ እስማማለሁ። ለሚታየው ላሜራ ግን፣ ለበርና ለፓራፋንጎ፣ እኔ ኦክሲጅን እመርጣለሁ። የሲኦቱ ብየዳ ጠንካራ ነው፤ በመዶሻ ስትመታው አይታዘዝም፣ ይሰነጠቃል። የጋዙ ለስላሳ ነው። በትኩሱ ከኋላ ድጋፍ ብረት ይዘህ ስትቀጠቅጠው ጠፍጣፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያው ይጠፋል። ስቱኮም አይፈልግም። ግን እጅ ይጠይቃል፤ ለጀማሪ አይሆንም።

ዋናው ጉዳይ ከመበየድ በፊት ያለው ነው። ሳጥኑን ቆርጠህ ከማውጣትህ በፊት ቦዲውን ማሰር አለብህ። ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ቆርጠህ ከፊተኛው የበር ምሰሶ ወደ ኋለኛው ምሰሶ፣ በውስጥ በኩል አስበይድ። አንዱ አግድም፣ ሌላው ሰያፍ። በውስጥ በኩል ያልኩት በሩ እንዲዘጋ ነው። በሩን አትፍታው! ብዙ ሰው ሥራ ይቀለኛል ብሎ በሩን አውልቆ ጥግ ያስቀምጠዋል። ሳጥኑን አስበይዶ ሲጨርስ በሩ አይገባም። ያን ጊዜ ሁሉንም እንደገና መቁረጥ ነው። በሩ ራሱ መለኪያህ ነው። አዲሱን ሳጥን በነጥብ ብቻ አስይዝ፣ በሩን ዝጋ፣ ክፍተቱን እይ፣ ደግሞ ክፈት፣ ደግሞ ዝጋ። ልክ ሲሆን ነው የሚበየደው።

መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ ትቁም። በአንድ ክሪክ አንድ ጥግ አንስተህ አትበይድ፤ በተጣመመችበት ትቀራለች። የሾፌሩን ጎን ሙሉ በሙሉ ጨርስ፣ ከዚያ ነው ወደ ተሳፋሪው ጎን የምትሄደው። ሁለቱን አንድ ላይ የቆረጠ ሰው ቀጥ ያለ መኪና አያገኝም።

ሰበታ_ቮልስ፦ እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡40

አሁን ቅደም ተከተሉ ገባኝ። ስለ ፓራፋንጎዎቹና ስለ ትናንሽ ዕቃዎቹ ዝገት ምን ትላላችሁ? በግራይንደር ብቻ ልግፈፈው? የፓራፋንጎውን ቡሎኖች ለመፍታት ስሞክር ሁለቱ እምቢ ብለዋል።

ሱሉልታ_ወተት፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ደህና አደራችሁ። እኔ ላም አርቢ ነኝ። አሮጌ ፊያት ትራክተርና ላንድሮቨር አሉኝ፤ ዝገት ማውጣት የዘወትር ሥራዬ ነው።

ግራይንደር ዝገቱን ብቻ አይበላም፤ ጤነኛውን ላሜራ ጭምር ያሳሳል። ለሚፈታ ዕቃ ሞላሰስ ተጠቀም። ለከብት መኖ የሚሸጠው፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ጥቁር ዝልግልግ ነገር ነው። ሰበታ ወተት አርቢ ሞልቶ የለ፣ መኖ ከሚሸጡበት አታጣውም። አንድ እጅ ሞላሰስ፣ ዘጠኝ እጅ ውሃ። በርሜል በቁመቱ አስቆርጠህ ገንዳ አድርገው። ዕቃው ሙሉ በሙሉ ይስጠም፤ ከውሃው በላይ የቀረው ጫፍ መስመር ይሠራል። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አቆየው፣ በየመሐሉ አውጥተህ በብሩሽ ፈግፍገህ መልሰው። ዝገቱን ብቻ ነው የሚበላው፣ ብረቱን አይነካም።

ቀለምና ግሪስ ካለበት ግን አይሠራም፤ መጀመሪያ አጽዳው። አሉሚኒየምና ዚንክ ያለበትን ዕቃ አትክተት። ይሸታል፤ ከቤት አርቀህ ክደነው፣ ዝንብና ውሻ ይሰበስባል። እንደ ሳጥኑ ያለ የተዘጋ ነገር ውስጥ ግን እንዳትጨምረው፣ ታጥቦ አይወጣም። ስታወጣው በደንብ እጠበው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ወዲያው ፀረ ዝገት ቀለም ቀባው። እርጥብ ብረት ከምሳ በፊት ነው ቡናማ የሚሆነው።

እምቢ ያሉትን ቡሎኖች ማታ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለህ አርሳቸው። ጠዋት ከመፍታትህ በፊት መጀመሪያ በጣም ትንሽ ወደ ማጥበቂያው በኩል ግፋ። ዝገቱ ሲሰበር «ቀጭ» ይላል። ከዚያ ወደ መፍቻው።

ስትጨርስ ደግሞ ከስር የተቃጠለ ዘይት እርጫት። እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው።

የቀለም_ሰው፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ሞላሰሱ ጥሩ ነው። በተቃጠለው ዘይት ግን አልስማማም። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተር የወጣ አሲድና ቆሻሻ አለ። አቧራ ይሰበስባል፣ ጓርኒሲዮንና ጎማ ያበላሻል። ከሁሉም በላይ ግን ነገ እዚያ ቦታ ላይ ቀለም ልቀባ ብትል አይዝልህም፣ በያጅም አይነካልህም። ከስር የታር ቀለም ይሻላል። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ብየዳውና ቀለሙ ካለቀ በኋላ ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ሰም አለ፤ በቀጭን ቱቦ ይረጫል። እሱ ከጠፋ ግሪስ በአዲስ ዘይት አቅጥነህ አስገባ። ሳጥኑ ከስሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉት። እነሱን አትድፈን። የበሩም ከስር ቀዳዳ አለው። የእኛ ሰፈር አቧራ ከዝናብ ጋር ጭቃ ሆኖ ይደፍነዋል፤ በሩ ከውስጥ ነው የሚበሰብሰው። በሽቦ ክፈተው።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ስለዚህ ስለ ስቱኮና ቀለም ልጻፍ።

ከስቱኮው በፊት ባዶ ብረቱን ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ከስር የሚቀባውን ፀረ ዝገት ቀለም፣ ቀባው። ስቱኮ እርጥበት ይስባል። የዛገ ብረት ላይ ከተመታ ዝገቱ ከስር ይቀጥላል፣ ከወራት በኋላ ተነፍቶ ይወጣል። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ አይለፍ። ከዚያ በላይ ከፈለገ ብረቱ ገና አልተቀጠቀጠም ማለት ነው፤ ወደ መዶሻው ተመለስ።

ማድረቂያው 100 ግራም ስቱኮ ላይ 2 ግራም ያህል ነው። ጠዋት ጠዋት ሲቀዘቅዝ ስቱኮው ይዘገያል። ሰው ታዲያ ማድረቂያ ይጨምራል። የተረፈው ማድረቂያ ከሥር ወጥቶ ቀለሙ ላይ ቢጫ ጥላ ያመጣል፤ ነጭ ቀለም ላይ በጣም ይታያል። ጠብቅ፣ ፀሐይ ይውጣ፣ ላሜራው ይሙቅ።

ስቱኮን በደረቁ ፈግፍገው፣ በውሃ አይሆንም። 80 ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 180፣ ከዚያ 240። ወረቀቱን በባዶ እጅህ አትያዘው፤ ጣትህ ቦይ ይሠራል። ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ጠቅልለው። የቮልስ ፓራፋንጎ ሁሉም ቦታው ክብ ስለሆነ ደግሞ የአሮጌ ጫማ ሶል ወይም ወፍራም ላስቲክ ላይ ጠቅልል። ሲጨርስ ዓይንህን ጨፍነህ በመዳፍህ ዳስሰው። ዓይን ያላየውን መዳፍ ያገኛል። ፕራይመር ከተረጨ በኋላ ነው በ400 በውሃ የሚፈገፈገው።

አሮጌውን ቀለም መፈተን እንዳትረሳ። ጨርቅ ላይ ቲነር ጠብ አድርገህ የማይታይ ቦታ እሸው። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከወጣ ናይትሮ ነው፤ በቲነር የሚሟሟ፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ማለት ነው። ከላዩ ኃይለኛ ቲነር ያለው ቀለም ከረጨህበት ይሸበሸባል። ወይ ሙሉ በሙሉ አንሳው፣ ወይ በኢፖክሲ ዝጋው።

ሰበታ_ቮልስ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡50

እህቴ በጣም አመሰግናለሁ። ቀለሙን እቤት ልርጨው ወይስ ለእናንተ ላምጣው? ጊዜውስ መቼ ይሻላል?

የቀለም_ሰው፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጊዜው ከመስቀል በኋላ እስከ ጥር ነው። ክረምት ላይ አትርጭ። አየሩ እርጥብ ሲሆን ናይትሮ ነጭ ጉም ይለብሳል፤ ኮምፕሬሰሩም ውሃ ይተፋል። በበጋውም ቢሆን ታንኩን በየጊዜው አፍስሰው፣ ማጣሪያውን ከኮምፕሬሰሩ አርቀህ ቱቦው ጫፍ ላይ አድርገው። የእናንተ ሰፈር ከሰዓት በኋላ ንፋስ አለው። ስለዚህ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ። ወለሉን ውሃ አርከፍክፈው፣ አቧራ እንዳይነሳ።

አሁን ቁም ነገሩ። ማድረቂያ የሚቀላቀልበትን ባለ ሁለት ክፍል ቀለም እቤትህ አትርጭ። ማድረቂያው ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ነገር አለ። ሳንባን ያስቆጣል፣ አንዴ አስም ካስያዘ በኋላ በትንሽ ሽታ ብቻ ይነሳል። የጨርቅ ማስክ ምንም አያደርግለትም። ሥራው ንጹህ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ መሸፈኛ ይፈልጋል። ሙያችን ውስጥ ቀለም ከረጩ በኋላ ወተት መጠጣት የተለመደ ነው። በያጆችም ያደርጉታል። ወተት ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ሳንባ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ጓደኞቼ ስለሆኑ ነው እንዲህ አጥብቄ የምናገረው፤ ወተቱን ጠጡ፣ ማስኩን ግን አትተዉ።

እቤት ልርጭ ካልክ ናይትሮ ርጭ። ቶሎ ይደርቃል፣ ስህተት ቢኖር ፈግፍገህ ትደግመዋለህ፣ በመጨረሻ በቀለም ማብሪያ ፓስታ ታበራዋለህ። እሱም ቢሆን የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ይፈልጋል። የቲነር ጋዝ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየሄደ እሳት ይፈልጋል። በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ ቡና አይፈላም። ከሰሉ በረንዳ ላይ ቢሆንም አይሆንም። ልጆቹን ዘመድ ቤት ስደዳቸው። ባለ ሁለት ክፍሉን ቀለም ከፈለግህ ግን ፕራይመሩን ጨርሰህ ቀለም ክፍል ላለው ባለሙያ ስጥ። ዋናው ድካም በአንተ ካለቀ የመርጨቱ ዋጋ ይቀንሳል።

ኮዬ_ነዋሪ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡45

ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ እየተከታተልኩ ነው። ዕቃ ግን ከየት ይገኛል? የበር ጎማ፣ የመስተዋት ጎማ፣ የፓራፋንጎ ክር?

አሮጌ_እጅ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሶማሌ ተራ ጠይቅ። አሮጌ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ በር ይገኛል። ተቀጥቅጦም ቢሆን የድሮው ፋብሪካ ላሜራ ካልዛገ ይሻላል፤ ከስስ አዲስ ኮፒ በልጦ ይገጥማል። ቡሎንና ትናንሽ ነገር ምናለሽ ተራ አይጠፋም። ጎማዎቹን ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ቢያስመጣ ጥሩ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ይህቺ መኪና ሜክሲኮ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ስትሠራ ነበር፣ ብራዚልም ብዙ ዓመት ሠርታታለች። ስለዚህ ዕቃዋ ገና በዓለም ላይ ይመረታል። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ እንደነበረ የዕድሜ እኩዮቼ ሁሉ ያስታውሳሉ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ ይህቺን መኪና የማይጠግን ጋራዥ አልነበረም። ሙያው አሁንም አለ፤ ባለሙያዎቹ ግን እያረጀን ነው። የሚማር ልጅ ካለ ላሜራ ሲቀጠቀጥ መጥቶ ይይ፤ እኔ ደስ ይለኛል።

ሱሉልታ_ወተት፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡10

ሊብሬውንም አትርሱ። የመኪናው ቀለም ሊብሬ ላይ ተጽፏል። ከድሮው ቀለም ውጭ ልትቀባት ካሰብክ ሰሌዳውን የሰጠህን ቢሮ አስቀድመህ ጠይቅ፤ ቦሎ ስታወጣ ጣጣ እንዳይሆን። የሻንሲ ቁጥሩን ደግሞ አደራ። ቮልስ ላይ ከኋላ ወንበሩ ስር፣ መሐል ለመሐል በሚያልፈው ዋሻ መሰል ብረት ላይ ነው የተመታው። ባትሪው አጠገብ ነው፤ አንተ የምትቆርጥበት ቦታ ማለት ነው። ግራይንደር አያስነካው። ፎቶ አንሳው፣ በግሪስ ሸፍነው፣ በያጁም እንዲያውቅ አድርግ።

ሰበታ_ቮልስ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እንዲህ ወስኛለሁ። መፍታት፣ ማጽዳት፣ ሞላሰሱ፣ ፕራይመሩ፣ ስቱኮውና ፍግፈጋው የእኔ ነው። ሳጥኑና ወለሉ የበያጅ ነው። ፓራፋንጎዎቹን ተሸክሜ ጋሽ አሮጌ እጅ ጋ እመጣለሁ፤ ፈቃድዎ ከሆነ። ቀለሙ በናይትሮ፣ በድሮው ቀለሟ። ገላን ወንድሜ፣ ሰበታ ድረስ ትመጣለህ?

አሮጌ_እጅ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

ና ልጄ። ሞላሰሱ ውስጥ ቆይተው፣ ታጥበው፣ ፕራይመር ሳይቀቡ ዘይት ብቻ ተቀብተው ይምጡ። ቀለም ያለው ላሜራ ላይ መዶሻ አልመታም።

ገላን_በያጅ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እመጣለሁ። ማሽኑን በሚኒባስ እጭነዋለሁ። ግን ከመምጣቴ በፊት እነዚህ ካልተደረጉ ሥራ አልጀምርም።

የቤንዚን ታንከሩ ይውጣ። ቮልስ ላይ ፊት ለፊት ኮፈኑ ስር ነው፣ ከትርፍ ጎማው ጉድጓድ አጠገብ። ቤንዚኑን ቀድቶ ታንከሩን እዚያው መተው አይሆንም። ባዶ ታንከር ከሙሉው ይብሳል፤ ውስጡ የቀረው ጋዝ ነው የሚፈነዳው። አውጥተህ ግቢው ዳር ፀሐይ ላይ አድርገው።

ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ ደግሞ መሐሉ ላይ ባለው ዋሻ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ይህን ብዙ በያጅ አያውቅም። በሁለቱም ጫፍ ንቀለው፣ በኮምፕሬሰር ንፋው። የፍሬን ቱቦውንም በዋሻው ጎን የሚሄድበትን ፈልገህ አሳየኝ፤ ዝጎ ከሆነ ወለሉ ሳይዘጋ ነው የሚቀየረው።

ባትሪውን አውጣ። መቀመጫዎቹን፣ ምንጣፉን፣ የወለሉን ታር ሁሉ አንሳ። የድሮው የወንበር ሙሌት አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። መልሰህ ስትገጥም ደግሞ ባትሪው ላይ ክዳን አድርግለት። የወንበሩ ሞላ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካል፤ ቮልስ የሚቃጠለው ከዚያ ነው።

አንድ ባልዲ አሸዋ፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ የሚያይልኝ አንድ ሰው። ቆጣሪህ ላይ ያለው ብሬከር ስንት አምፒር እንደሆነ ነገ ጻፍልኝ። ከ20 በታች ከሆነ ማሽኑን ዝቅ አድርጌ ነው የምሠራው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሆናል።

ሰበታ_ቮልስ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

25 ይላል። ታንከሩን ዛሬ አወጣለሁ።

ገላን_በያጅ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

በቂ ነው። ቅዳሜ 2 ሰዓት ላይ ሰበታ መናኸሪያ ጠብቀኝ። ቱቦላሬውን 20 በ20 ሚሊ ግዛ፣ አንድ ዘንግ ይበቃል። ላሜራውን አትቁረጥ፤ በሩን ዘግተን ለክተን ነው የምንቆርጠው።